አምበሉ ማን ይሁን? የይድነቃቸው ተሰማ ምርጫዎች

መካነ ሰላም ሻይ ቤት ተቀምጦ የብሔራዊ ቡድናችንን ጨዋታ ያየ ሰው ነገሩን ያውቀዋል፡፡ ተጫዋቾቹ ገና ሜዳ ሳይገቡ ክርክሩ ይጦፋል፡፡ እገሌ ለምን ተጠራ? እገሌስ ምን አጥፍቶ ቀረ? አሰልጣኙ የክለቡን ልጆች ሰብስቦ ነው እንዴ? ከቦረና እስከ አዲስ አበባ መራጭ ያልሆነ የለም፡፡ የአፍሪካን ዋንጫ ለመጀመሪያም ለመጨረሻም ጊዜ ያመጣልንን ቡድን የመረጡት ሰው ግን ከሻይ ቤት ሐሜት የከበደ ነገር ነበረባቸው፡፡

ይድነቃቸው ተሰማ መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም. ጅማ ተወለዱ፡፡ አባታቸው ጀርመን አገር ድረስ ሄደው ዜማቸውን በሸክላ ያስቀረጹት ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ናቸው፡፡ ልጅ ግን ልቡ ኳስ ላይ ወደቀ፡፡ በቅዱስ ጊዮርጊስ አጥቂነት ስማቸው ገነነ፤ ቀጥሎም አሰልጣኝ፣ የፌዴሬሽን መሪ፣ የሕግ አርቃቂ ሆኑ፡፡ (ያን ጊዜ ሰው ጥቂት ስለነበር አንዱ ሁሉንም ይሠራ ነበር፡፡)

በ1949 ዓ.ም. ካርቱም ላይ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን ከመሠረቱት አንዱ ናቸው፡፡ ደቡብ አፍሪካ ነጭና ጥቁር የተቀላቀለበት ቡድን አልልክም በማለቷ ከመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ውጪ ሆነች፡፡ ተጫዋች በቆዳው አይመረጥም ማለት ነው፡፡

ይኸው ጥያቄ ከአምስት ዓመት በኋላ ገዛ ቤታቸው ድረስ መጣ፡፡ የ1954ቱ ዋንጫ አዲስ አበባ ላይ ሲዘጋጅ የቡድኑ አምበል ሉቻኖ ቫሳሎ ነበር፤ አባቱ ጣሊያናዊ፣ እናቱ ኤርትራዊት፣ በድሬዳዋው ጥጥ ማኅበር የገነነ፡፡ ታናሽ ወንድሙ ኢታሎም አብሮት ተሰልፏል፡፡ ከወረራው ገና ሃያ ዓመት ቢያልፍ ነው፤ ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ የጣሊያን ስም ያለው ሰው እንዴት ይቀበላል ያሉ ሹማምንት እንደነበሩ ይነገራል፡፡ ይድነቃቸው አልቀይርም አሉ፡፡ አምበሉ የጊዮርጊስ ልጅ እንኳ አልነበረም፡፡

ጥር 13 ቀን ግብፅ ሁለት ጊዜ መራች፡፡ መጀመሪያ ግርማ ተክሌ፣ ሊያልቅ ስድስት ደቂቃ ሲቀረው ደግሞ ራሱ ሉቻኖ አቻ አደረጉ፡፡ በተጨማሪው ሰዓት ኢታሎና መንግሥቱ ወርቁ አከሉበት፤ 4 ለ 2፡፡ አምበሉን ቢለውጡ ኖሮ እያልን ዛሬ ስንገምት ሁለቱ የቫሳሎ ጎሎች ፊታችን ይቆማሉ፡፡

ሁሉም ውሳኔያቸው ግን እንዲህ አያስመሰግንም፡፡ ከ1958ቱ የቱኒዚያ ውድድር ጀምሮ አንድ ቡድን ከውጭ አገር ሊያሰልፍ የሚችለው ሁለት ተጫዋች ብቻ ነው የሚል ሕግ ወጥቶ እስከ 1974 ዓ.ም. ግድም ቆየ፡፡ ይድነቃቸው በ1964 ዓ.ም. ኮንፌዴሬሽኑን በፕሬዚዳንትነት ሲረከቡ ሕጉ በሥራ ላይ ነበር፤ የተጫዋቾችን ወደ አውሮፓ መፍለስም አጥብቀው ይቃወሙ ነበር፡፡ አፍሪካ እንደ ቡናዋ ኳስ ተጫዋቿንም በጥሬው ልካ ባዶዋን እንዳትቀር ፈሩ፡፡ ስጋታቸው እውነት ነበረው፡፡ ይሁንና በዚያ ሕግ ቅጣቱ ያረፈው በነጋዴው ሳይሆን፣ ሦስተኛ ሆኖ በመቆጠሩ ለአገሩ መጫወት በተነፈገው ልጅ ላይ ነው፡፡ የዛሬዎቹ የአፍሪካ ኃያላን ቡድናቸውን በአመዛኙ ከአውሮፓ ክለቦች ጠርተው ይሞላሉ፡፡ በዚህ በኩል ሰውየው የተሳሳቱ ይመስለኛል፡፡

በአፓርታይድ ላይ ግን አልተበገሩም፤ ደቡብ አፍሪካ በ1968 ዓ.ም. ከፊፋ እስክትባረር ታገሉ፡፡ ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም. ሲያርፉ ገና የኮንፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ነበሩ፡፡ ሉቻኖ በደርግ ዘመን ከአገር ወጥቶ በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ጣሊያን ውስጥ አረፈ፤ ከእሱ በኋላ ያንን ዋንጫ ያነሳ ኢትዮጵያዊ አምበል የለም፡፡