ያልሻረ ቍስል፦ የካሳ ኃይሉ ልጅነት

አንባቢ ሆይ፥ በሕፃንነቱ የተገፋ ሰው ሲያድግ እርሱም ገፊ ይሆናልን? ወይስ መከራው ርኅራኄን ያስተምረዋል? የዐፄ ቴዎድሮስ ታሪክ ሁለቱም በአንድ ልብ ውስጥ እንዲያድሩ ያሳያልና በማስተዋል እንመልከተው።

ከመንገሡ በፊት ስሙ ካሳ ኃይሉ ነበረ፤ በ1811 ዓ.ም. ግድም በቋራ ተወለደ። አባቱ ከባላባት ወገን ነበረ፤ ነገር ግን ልጁ ገና ሕፃን ሳለ ሞተ። እናቱ ወይዘሮ አትጠገብም ረዳት ስላጣች ወደ ጐንደር ሄዳ ኮሶ እየሸጠች አሳደገችው ይባላል። ካሳ ፊደል ይማር ዘንድ ወደ ገዳም ገባ። ያ ዘመን መሳፍንቱ እርስ በርሳቸው የሚዋጉበት ነበረና ወታደሮች ገዳሙን ወረሩ፤ ተማሪዎቹንም ፈጁአቸው። ካሳ ግን አምልጦ ከዘመዱ ከደጃዝማች ክንፉ ዘንድ ተጠጋ። ክንፉ በ1831 ዓ.ም. ከሞተ በኋላ ቋራ ለእቴጌ መነን ስለ ተሰጠ፥ ካሳ ርስቱን አጥቶ ሸፈተ።

በሽፍትነቱ ጊዜ የዘረፈውን ገንዘብ ለድኆች ገበሬዎች ለእርሻቸው ያካፍል እንደ ነበረ ይነገራል። ችግር ምሕረትን አስተምሮት ነበረና። ስድብን ግን መርሳት አልቻለም። መኳንንቱ የኮሶ ሻጭ ልጅ እያሉ ይንቁት ነበረ፤ ከሰደቡት አንዱን ደጃዝማች ወንድይራድን በማረከው ጊዜም ኮሶ አጠጥቶ ተበቀለው ይባላል።

በ1845 ዓ.ም. ራስ ዓሊን በአይሻል ድል ነሣ፤ በየካቲት 1847 ዓ.ም. በደረስጌ ማርያም ቴዎድሮስ ተብሎ ነገሠ። በ1848 ዓ.ም. ወደ ሸዋ ዘመተ። በዚያው ወራት ንጉሥ ኃይለ መለኮት ታሞ ሞተ፤ ከዚህ ከጫጫ አቅራቢያ በአንጎለላ የተወለደው ልጁ ምኒልክም በዐሥራ አንድ ዓመቱ ተማርኮ ወደ መቅደላ ተወሰደ። ያለ አባት ያደገው ንጉሥ፥ አባቱ የሞተበትን ልጅ በእጁ አገኘ። አልገደለውም፤ እንደ ልጁ አድርጎ አሳደገው፥ ሴት ልጁንም ዳረለት። ሸዋ ባመፀ ጊዜ ግን የብዙ ሰዎችን እጅና እግር አስቈረጠ።

የሚወዳት ሚስቱ ተዋበች በ1850 ዓ.ም. ከሞተች ወዲህ ቍጣው እየባሰ ሄደ። በ1859 ዓ.ም. ጐንደርን፥ እናቱ ኮሶ የሸጠችባትን ከተማ፥ ዘርፎ አቃጠላት፤ ብዙ አብያተ ክርስቲያናቷንም አቃጠለ። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. እንግሊዞች ያሰራቸውን አውሮፓውያን ሊያስፈቱ ወደ መቅደላ በቀረቡ ጊዜ፥ ተቈጥቶ ብዙ ኢትዮጵያውያን እስረኞችን ወደ ገደል አስጣለ። ከጥቂት ቀን በኋላም በፋሲካ ማግስት ራሱን ገደለ።

እንግዲህ መበደሉ በደሉን ያጸድቅለታል አንልም። ምኒልክን ያሳደገ ልብና ጐንደርን ያቃጠለ ልብ አንድ ነበረና፥ ምሕረት ማድረግ ይችል እንደ ነበረ ራሱ መስክሮአል። የተገፋህ ሆይ፥ ዙፋን ቍስልህን አይሽርልህም፤ በቀልም አይሽርልህም። አንተም በገበያ ጠላ ወይም ቅጠል ሸጣ ልጅዋን ወደ ትምህርት ቤት የምትልክ እናት ብታይ፥ ልጅዋን በእናቱ ሥራ አትዝለፈው። ያ ቃል በሕፃን ልብ ስንት ዓመት እንደሚኖር አታውቅምና።