ብርድን ያሠራ ሰው
(የክላረንስ በርድሳይ አጭር የሕይወት ታሪክ)

የደጋ ሰው ብርድን የሚያውቀው በጠላትነት ነው። ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በአማኑኤልና በዙሪያዋ ባለው በማቻከል ምድር፣ የጥቅምትና የኅዳር ውርጭ እሸቱን ሲመታ ገበሬው ሰማዩን ሽቅብ ያያል እንጂ ከዚህ ብርድ አንዳች ጥቅም ይገኛል ብሎ አያስብም። በዚያው አገር ግን ወተት የሚተርፍበት ወራት አለ። በዐቢይ ጾም 55 ቀናት የሚጠጣው ሰው ጥቂት ስለሆነ ወተቱ ይናጣል፤ ቅቤው ይነጠራል፣ ወይም በቅጠል ተጠቅልሎ ለገበያ ይወጣል። አይቡ ግን ሰንበትበት ሲል ይበላሻል። ብርዱ በአንድ ወገን፣ የሚበላሸው ምግብ በሌላ ወገን ቆመው ሳይተዋወቁ ብዙ ዘመን አልፏል።

እነዚህን ሁለቱን በፋብሪካ ደረጃ ካስተዋወቁት ሰዎች ዋነኛው አሜሪካዊው ክላረንስ በርድሳይ ነው። እኛም በዚህ ጽሑፋችን የዚህን ሰው ሕይወት ለአንባብያን ባጭሩ እናቀርባለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በርድሳይ ዲሴምበር 9 ቀን 1886 ዓ.ም. ኒው ዮርክ ውስጥ ብሩክሊን በተባለው ሠፈር ተወለደ። ከልጅነቱ ጀምሮ አራዊትንና አዕዋፍን መከታተል ይወድ ስለነበር አምኸርስት ኮሌጅ ገብቶ የሥነ ሕይወት ትምህርት ጀመረ። ይሁን እንጂ ገንዘብ አጠረው። እንቁራሪት እየያዘ ለእባቦች ቀለብ ይሆን ዘንድ ለአራዊት ማኖሪያ እስከ መሸጥ ደረሰ፤ ይህም አልበቃውምና ዲግሪውን ሳይዝ ኮሌጁን ተወ። የተማሪ ችግር በአንድ አገርና በአንድ ዘመን ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ እንረዳለን።

ከዚያ በኋላ በመንግሥት የሥነ ሕይወት ጥናት መሥሪያ ቤት ተቀጥሮ በምዕራብ አሜሪካ በረሃና ተራራ ተዘዋወረ። በ1910 እና በ1911 ሞንታና በተባለው ግዛት መዥገር እየለቀመ፣ በመዥገር የሚተላለፈውን ገዳይ ትኩሳት ለሚያጠኑ ሊቃውንት ያቀርብ ነበር። የሚጠየፈው ሥራ፣ የሚንቀው ሰው ያልነበረው መሆኑ በኋላ ለደረሰበት ነገር ሁሉ መሠረት ሆነው።

በ1912 በዛሬዋ ካናዳ ምሥራቃዊ ጠረፍ ወደሚገኘው ወደ ላብራዶር ሄደ። የሄደበት ምክንያት የቀበሮ ቆዳ ንግድ ነበር። በ1915 ኤልኖር የተባለችውን ሴት አገባ፤ በዓመቱም ባለቤቱንና ገና ጨቅላ የነበረውን ልጁን ይዞ ወደዚያው በረዷማ አገር ተመለሰ። በዚያ የሚኖሩት የኢኑዊት ሕዝቦች በክረምት የባሕሩን በረዶ እየፈለፈሉ ዓሣ ያጠምዳሉ። ብርዱ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ሲደርስ፣ ነፋሱም ሲታከልበት፣ ዓሣው ከውኃው ወጥቶ ብዙም ሳይቆይ እንደ ድንጋይ ይጠጥራል። ከወራት በኋላ በረዶው ቀልጦ ሲበላ ግን ጣዕሙ ያን ዕለት እንደ ተጠመደ ነው። በርድሳይ ይህን አየ፤ ቀመሰም። ከዚህም አልፎ በዚያው ብርድ ጎመን በጨው ውኃ ውስጥ በበርሜል እያረጋ ሞከረው።

በዘመኑ በከተሞች በብርድ የረጋ ሥጋና ዓሣ ይሸጥ ነበር፤ ነገር ግን ሲቀልጥ ይላሽቅና ውኃ ይሆን ስለነበር ገዢ ይሸሸው ነበር። ታዲያ የላብራዶሩ ዓሣ ለምን እንዲህ አልሆነም? በርድሳይ ምሥጢሩ በብርዱ ብቻ ሳይሆን በፍጥነቱ እንደ ሆነ ተረዳ። ውኃ በረዶ ሲሆን መጠኑ ከመቶ 9 እጅ ያህል ይጨምራል። ምግቡ ቀስ እያለ ከረጋ በውስጡ ያለው ውኃ ትልልቅና ሹል የበረዶ ቅንጣት እየሠራ የምግቡን ረቂቅ ሕዋሳት ይቀዳድዳል፤ ሲቀልጥም ፈሳሹ በተቀደደው በኩል ወጥቶ ያልቃል። በፍጥነት ከረጋ ግን ቅንጣቶቹ እጅግ ጥቃቅን ስለሚሆኑ የሕዋሳቱ ግድግዳ ብዙ ጉዳት ሳይደርስበት ይቀራል።

አሜሪካ በ1917 ወደ አንደኛው የዓለም ጦርነት ስትገባ ቤተሰቡን ይዞ ወደ አገሩ ተመለሰ። ከጥቂት ዓመታት በኋላም የላብራዶርን ክረምት በከተማ ለመሥራት ተነሣ። የመጀመሪያ ሙከራውን የጀመረው በ7 ዶላር በገዛው የኤሌክትሪክ ማራገቢያ፣ በጨው ውኃና በበረዶ እንደ ነበረ ይነገራል። በኒው ዮርክ ያቋቋመው የመጀመሪያው የዓሣ ኩባንያ ግን ብዙ ሳይቆይ በ1924 ከሰረ። ሰዉ በብርድ የረጋ ዓሣ ማለት ያው የሚያውቀው ላሻቃ ዓሣ መስሎት አልገዛውም፤ ባለ ሱቆችም የሚያስቀምጡበት ዕቃ አልነበራቸውም። እርሱ ግን ተስፋ ሳይቆርጥ ሸሪኮች ፈልጎ ማሳቹሴትስ ውስጥ ግሎስተር በተባለችው የዓሣ አጥማጆች ከተማ ሌላ ኩባንያ መሠረተ።

ስመ ጥር ያደረገው መሣሪያ በዚያ ተሠራ። አሠራሩን ለመረዳት ድፎ ዳቦ የጋገረን ሰው መጠየቅ ይበቃል። ድፎ ከሥሩም ከአክንባሎው በላይም እሳት ሆኖበት በሁለት ወገን እንደሚበስል ሁሉ፣ የበርድሳይም ምግብ በሁለት ጠፍጣፋ ብረቶች መካከል ተጨምቆ በሁለት ወገን ይረጋል። ልዩነቱ በእሳት ፈንታ ብርድ መሆኑ ነው። በአንደኛው መሣሪያ ካልሲየም ክሎራይድ የተባለው ጨው የተበጠበጠበት፣ ከዜሮ በታች ወደ 40 ዲግሪ የቀዘቀዘ ውኃ በሚንቀሳቀሱት የብረት መቀነቶች ጀርባ ይረጫል፤ በኋላ በመጣው ደግሞ በውስጠ ክፍት የብረት ሰሌዳዎች ውስጥ አሞኒያ እየተነነ ሙቀቱን ይወስዳል። ምግቡ አስቀድሞ በካርቶን ስለሚታሸግ ጨዉ አይነካውም።

ይህ ዘዴ አንድ ሌላ ነገር ይዞ መጣ፤ ይኸውም ቅርጽ ነው። ሁለቱ ሰሌዳዎች ምግቡን ሲጨምቁት ለስላሳው ነገር ሁሉ፣ የተከተፈውም ጎመን ሆነ የዓሣው ሥጋ፣ እንደ ጡብ ቀጥ ያለ ሆኖ ይወጣል። ጡብ ደግሞ ይደረደራል፣ ይቆጠራል፣ ይጫናል። ከዚህ በኋላ የመጡት መሐንዲሶች ይህንኑ ሐሳብ ወደ ፈሳሹና ወደ ሊጥ መሰሉ ምግብ አሰፉት። ዛሬ ቆመው በተደረደሩ ቀዝቃዛ ሰሌዳዎች መካከል ፈሳሽ ፈስሶ እንደ ጥርብ ድንጋይ ይወጣል፤ የተፈጨ አትክልት በቅርጽ ማውጫ እየተከፋፈለ ለአንድ ሰው ድርሻ በሚበቃ ቁራጭ ይረጋል፤ በሚሽከረከር ቀዝቃዛ በርሜል ላይ የተቀባ ጭማቂ በስለት እየተፋቀ እንደ ቅርፊት ይሰበሰባል፤ ጠብታውም ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ በሆነ ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ሲወድቅ እንደ ዶቃ ይሆናል። የቅርጹ ጥቅም ለውበት ብቻ አይደለም፤ ቁራጩ በሳሳ ቁጥር ብርዱ ወደ መካከሉ ቶሎ ይደርሳልና።

በ1929 ፖስተም የተባለው ኩባንያና ጎልድማን ሳክስ የተባለው የገንዘብ ድርጅት የበርድሳይን ኩባንያና ፓተንቶቹን በ22 ሚሊዮን ዶላር ገዙ። ማርች 6 ቀን 1930 ዓ.ም. ማሳቹሴትስ ውስጥ በስፕሪንግፊልድ ከተማ በ18 ሱቆች ሥጋው፣ ዓሣው፣ አትክልቱና ፍራፍሬው ለሽያጭ ቀረበ። ነገሩ በአንድ ቀን የተሳካ እንዳይመስለን። ለሱቆቹ ማቀዝቀዣ ሣጥን ማከራየት አስፈለገ፤ ከከተማ ወደ ከተማ ለማጓጓዝም ብርዱን የሚጠብቅ የባቡር ፉርጎ መዘጋጀት ነበረበት። ከፋብሪካው እስከ ጓዳው ድረስ ያለው የብርድ ሰንሰለት አንዲት ቀለበቱ ከተበጠሰች ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነውና።

በርድሳይ ባለጸጋ ከሆነ በኋላም እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። የሙቀት ጨረር የሚሰጥ አምፖልና ምግብ የሚደርቅበትን ፈጣን ዘዴ ሠራ፤ በስተርጅናውም ወደ ፔሩ ሄዶ ከሸንኮራ አገዳ ገለባ ወረቀት የሚወጣበትን መንገድ ሲመረምር ቆየ። ኦክቶበር 7 ቀን 1956 ዓ.ም. በ69 ዓመቱ በልብ ሕመም ኒው ዮርክ ውስጥ አረፈ። ዐፅሙም ተቃጥሎ አመዱ ከግሎስተር ማዶ ባለው ባሕር ላይ ተበተነ።

እንግዲህ ከዚህ ሰው ሕይወት አንድ ከባድ ጥያቄ ይነሣል። ዕውቀቱ የማን ነበር? በፓተንቱ ላይ የተጻፈው የበርድሳይ ስም እንጂ በበረዶው ላይ ዓሣ ያጠምዱ የነበሩት ሰዎች ስም አይደለም። እኛ ግን በርድሳይን ሌባ ማለት አይገባም ባዮች ነን። ኢኑዊቶቹ ብርዱን ያውቁ ነበር፤ እርሱ ደግሞ ምክንያቱን ጠየቀ፣ ለካ፣ ላብራዶር በሌለበት አገር የሚሠራ መሣሪያ አበጀ። ያም ሆኖ መምህሮቹ እነርሱ እንደ ነበሩ መካድ አይቻልም፤ የመምህርን ስም መዝለልም ነውር ነው።

ይህ ጥያቄ ለእኛ ሩቅ አይደለም። በጎጃም እናቶቻችን የወተቱን ቅል በወይራ ጭስ ያጥናሉ። መዓዛውን ሁላችንም እንወዳለን፤ ጭሱ ወተት የሚያበላሹትን ረቂቃን ተሕዋስያን የሚያዳክም ኃይል ያለው መሆኑን ግን ስንቶቻችን ጠይቀን እናውቃለን? የቅቤው አነጣጠር፣ የቋንጣው አደራረቅ፣ የጎተራው አሠራር ሁሉ እንደ ላብራዶሩ ዓሣ ጠያቂ የሚጠብቅ ትምህርት ነው። ተማሪው አገሩ ገብቶ ይህን ሁሉ የኋላ ቀር ልማድ ነው ብሎ ከናቀው፣ ነገ ሌላ ሰው መጥቶ ይለካዋል፣ በስሙም ያስመዘግበዋል፤ እኛም መልሰን በዋጋ እንገዛዋለን።

በሌላ በኩል አንድ ማቀዝቀዣ ገዝቶ አማኑኤል ላይ ማቆም ብቻውን የማንንም ወተት አያድንም። መብራቱ፣ መንገዱ፣ መኪናው፣ ሱቁ፣ ገዢው አብረው ካልተያያዙ መሣሪያው ሣጥን ሆኖ ይቀራል። በርድሳይም የመጀመሪያ ኩባንያው ሲከስር የተማረው ይህንኑ ነው። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይላልና አበው፣ ለዕረፍት ወደየቤታችን ስንመለስ ከጓዳው ገብተን፣ ይህ ለምን እንዲህ ይደረጋል ብለን በትሕትና እንጠይቅ፤ የነገሩንንም ከነስማቸው ጽፈን እንያዝ።