ኬጂ የሚለውን ስም ያወጣልን ሰው

ዘመድ ጥየቃ ሄዳችሁ ቤቱ ውስጥ ትንሽ ልጅ ካለ የመጀመሪያው ጥያቄ ይታወቃል፤ ስንተኛ ክፍል ነህ? ልጁ ኮራ ብሎ ኬጂ ሁለት ይላል። ቀጥሎ ኤቢሲዲ በል ይባላል፣ ከዚያ ደግሞ እስከ መቶ ቁጠር። ግን ይሄ ኬጂ የምንለው ነገር ምን ማለት እንደሆነ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ?

ኬጂ ኪንደርጋርተን ከሚለው የጀርመንኛ ቃል ተቆርጦ የመጣ ነው። ትርጉሙ የሕፃናት የአትክልት ቦታ ነው። የእኛው አፀደ ሕፃናትም ያው ነው፤ አፀድ ማለት የአትክልት ቦታ ነውና። ስሙን ያወጣው ፍሬድሪክ ፍሮብል የሚባል ጀርመናዊ ነው። የሕይወቱን ታሪክ ሳነብ ግን እኛ ስሙን ወስደን አትክልቱን የረሳነው መሰለኝ።

ፍሮብል እ.ኤ.አ. በ1782 ቱሪንጂያ ውስጥ፣ ኦበርቫይስባህ በምትባል መንደር ተወለደ። አባቱ የሉተራን ቄስ ነበር። እናቱ የሞተችው ገና ዓመት ሳይሞላው ነው። አባቱ ሥራ ይበዛበታል፣ እንጀራ እናቱም የራሷን ልጅ ከወለደች በኋላ ፊቷን አዞረችበት። ስለዚህ ልጁ ብቻውን አደገ ማለት ይቻላል። ጓደኛው የቤቱ የአትክልት ቦታ ነበር። አሥር ዓመት ገደማ ሲሆነው የእናቱ ወንድም ወስዶ አሳደገው።

ወጣትነቱን ብዙዎቻችን እናውቀዋለን፤ ምን መሆን እንዳለበት ግራ የገባው ሰው ነበር። በ15 ዓመቱ የደን ሥራ ለመልመድ ገባ። ከዚያ የና ዩኒቨርሲቲ ሄደ፣ ግን በዕዳ ምክንያት ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ለሳምንታት ታስሮ ትምህርቱን አቋረጠ። በ1805 አርክቴክት እሆናለሁ ብሎ ፍራንክፈርት ገባ። እዚያ አንድ የትምህርት ቤት ኃላፊ ለምን አታስተምርም አለው። ክፍል ውስጥ ሲቆም ሲፈልገው የኖረውን ያገኘ መሰለው።

ከዚያ በኋላም ስዊዘርላንድ ድረስ ሄዶ በዘመኑ ስመ ጥር ከነበረው መምህር ከፔስታሎዚ ዘንድ ተማረ። በርሊን ውስጥ ደግሞ ክሪስታሎችን አጠና። ክሪስታል ከውስጡ በሚመነጭ ሕግ ቅርጹን ይዞ ያድጋል። ልጅም እንደዚያ ነው ብሎ አመነ። አስተማሪ አትክልተኛ ነው፤ አፈሩን ያመቻቻል፣ ውኃ ያጠጣል፣ ይጠብቃል። ቶሎ እንዲረዝም ብሎ ቡቃያውን ወደ ላይ አይጎትትም።

በ1816 የመጀመሪያ ትምህርት ቤቱን ከፈተ። ለትንንሽ ልጆች ብቻ የሚሆነውን ግን የጀመረው በ1837 ባድ ብላንከንቡርግ ውስጥ ነው፤ 55 ዓመቱ ነበር። ኪንደርጋርተን የሚለውን ስም የሰጠው በ1840 ነው። ልጆቹ ይዘምራሉ፣ አትክልት ይተክላሉ፣ ስጦታዎች ብሎ በሰየማቸው መጫወቻዎች ይጫወታሉ። መጀመሪያ ከክር የተሠሩ ባለቀለም ኳሶች፣ ቀጥሎ የእንጨት ኳስ፣ ኪዩብና ሲሊንደር፣ ከዚያ ለስምንት የሚከፈል ኪዩብ። ልጁ ሲያፈርስና ሲሠራ ክፍልፋይን በእጁ ይማራል። ለፍሮብል ጨዋታ የእረፍት ሰዓት ማለት አልነበረም፤ ትምህርቱ ራሱ ነበር። አስተማሪነት የወንድ ሥራ በነበረበት ዘመንም ለዚህ ሥራ ሴቶችን አሠለጠነ።

መጨረሻው ግን ያሳዝናል። በ1851 የፕሩሲያ መንግሥት ኪንደርጋርተንን ሃይማኖት የለሽና ሶሻሊስት ነው ብሎ አገደ። ሐሳቡን ከወንድሙ ልጅ ከካርል ፍሮብል ጽሑፍ ጋር አምታተውት ነበር። ቢያስረዳም የሰማው የለም። በዓመቱ፣ በ70 ዓመቱ ሞተ። እገዳው የተነሳው በ1860 ነው። እሱ አላየውም። ሐሳቡ ግን ድንበር ተሻግሮ ነበር፤ በ1856 አንዲት ጀርመናዊት ስደተኛ አሜሪካ፣ ዊስኮንሲን ውስጥ ኪንደርጋርተን ከፍታ ነበር። ታዋቂው አርክቴክት ፍራንክ ሎይድ ራይትም በልጅነቱ በፍሮብል እንጨቶች ተጫውቶ ነው ያደገው።

ኢኮኖሚክስ ስለተማርኩ ይሆናል፣ ነገሩን በገበያ ዓይን አየዋለሁ። ወላጅ ከጉሮሮው ቀንሶ ለኬጂ ይከፍላል፣ የከፈለበትንም ማየት ይፈልጋል። አይፈረድበትም። የሞላ ደብተር ይታያል፣ ማርክና ደረጃ ይቆጠራሉ። ልጁ በጭቃ የሠራው ቤት ሲፈርስበት ሳያለቅስ እንደገና መጀመሩ ግን ካርድ ላይ አይጻፍም። ትምህርት ቤቱም የሚቆጠረውን ይሸጣል። እንዲህ እንዲህ እያለ የአራት ዓመት ልጅ ቤቱ ሲገባ እያንቀላፋ የቤት ሥራ ይሠራል።

ሁሉንም ዛሬ መቀየር አንችልም። ጥያቄያችንን መቀየር ግን እንችላለን። በሚቀጥለው ዘመድ ጥየቃ ያንን ልጅ ኤቢሲዲ በል ከማለት ዛሬ ምን ተጫወትክ በሉት። ከዚያ ቁጭ ብላችሁ ስሙት።