ፊሎጀኒ፦ ከሕጉ የተረፈ ቃል

በዛሬው ሥነ ሕይወት ፊሎጀኒ ማለት ፍጥረታት በዝግመተ ለውጥ ያለፉበት የትውልድ ታሪክና በመካከላቸው ያለው ዝምድና ነው። ቃሉን የፈጠረው ጀርመናዊው ኤርንስት ሄክል ግን ከዚህ የበለጠ ሸክም አሸክሞት ነበር።

ሄክል እ.ኤ.አ. በ1834 በፖትስዳም ተወለደ። በአባቱ ፍላጎት ሕክምና ቢያጠናም ልቡ ያደላው ለባሕር ፍጥረታት ነበር፤ በ1862 ስለ ራዲዮላሪያ ባሳተመው ጥናት የዳርዊንን ሐሳብ በይፋ ደገፈ። በ1864 ልክ ሠላሳ ዓመት በሞላው ቀን ባለቤቱ አና ሞተችበት። ሐዘኑን በሥራ ሊያስታግሥ ሌት ተቀን ጽፎ ስለ ፍጥረታት አጠቃላይ ቅርጽ የሚያትተውን ባለ ሁለት ቅጽ መጽሐፉን በ1866 አወጣ።

ፊሎጀኒ የተወለደው በዚህ መጽሐፍ ነው። በግሪክኛ ፊሎን ነገድ፣ ጄኔሲስ አመጣጥ ነው። መንትያው ኦንቶጀኒ ደግሞ የአንድን ግለ ፍጡር እድገት ከእንቁላል ጀምሮ ይሰይማል። (ኢኮሎጂ የሚለውም ቃል ከዚሁ መጽሐፍ መገኘቱ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል።) ሄክል ሁለቱን በአንድ ሕግ አሰራቸው፦ ጽንስ ሲያድግ የነገዱን ረጅም ታሪክ በአጭሩ ይደግማል። በሰው ጽንስ አንገት ላይ የሚታዩት እጥፋቶች የዓሣ መሰል ቅድመ አያቶች ምስክር ተደርገው ቀረቡ።

ተቃውሞው አልዘገየም። በ1868 በታተመው መጽሐፉ አንዱ ሥዕል ሦስት ጊዜ ተደግሞ የውሻ፣ የዶሮና የኤሊ ጽንስ መባሉን የባዝሉ ሩቲማየር አጋለጠ። ሄክል በቀጣዩ እትም ቢያርመውም ጥርጣሬው አልለቀቀውም። ቪልሄልም ሂስም የጽንስ እድገት ምክንያት በራሱ በጽንሱ ውስጥ መፈለግ አለበት ሲል ሞገተው። በእኔ ግምት ከሥዕሎቹ የከፋው ሰዎችን በዘር ከፍና ዝቅ አድርጎ በዛፉ ላይ መደርደሩ ነው፤ ፊሎጀኒን የዘር ሐረግ ብሎ የሚተረጉም ሰው ይህን ቢያስብበት አይከፋም።

ጽንስ የአዋቂ ቅድመ አያቶቹን ቅርጽ በየተራ እንደማይደግም ሲረጋገጥ ሕጉ ወደቀ፤ ቃሉ ግን ቀረ። በ1950 የነፍሳት ተመራማሪው ቪሊ ሄኒግ ዝምድና በጋራ በተወረሱ አዳዲስ ባሕርያት እንዲለካ ሥርዓት አበጀለት። ዛሬ ዛፉ በዲ ኤን ኤ ንጽጽር ይሠራል፤ ሰውም ከቅርንጫፎቹ የአንዱ ጫፍ እንጂ ዘውዱ አይደለም።

ሄክል በ1919 በዬና አረፈ። በዚያው ከተማ ያቋቋመውና ስሙን ከዚሁ ቃል የወሰደው የፊሌቲክ ሙዚየም ዛሬም አለ።