እናት አና ዴንግል፤ የወላዶች ሐኪም (1892–1980)

በዚህ እትም የሕይወት ታሪካቸውን በአጭሩ የምናቀርብላችሁ እናት፣ ምጥ የጠናባትን ሴት የሚረዳ ሐኪም በታጣበት አገር የሠሩ፣ ከዚያም የቤተ ክርስቲያን ሕግ ስለ ወላዶች ሲባል እንዲሻሻል ለብዙ ዓመታት የደከሙ ናቸው። ዘመናቱን ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር ጽፈናል።

አና ዴንግል ማርች 16 ቀን 1892 በኦስትሪያ፣ ሽቴግ በተባለች የቲሮል ተራራማ መንደር ተወለዱ። ገና በልጅነታቸው፣ ዘጠኝ ዓመት ገደማ ሲሆናቸው፣ ወላጅ እናታቸው ዐረፉ። እናት የሞተችበት ቤት ምን እንደሚመስል ያወቁት እንግዲህ በራሳቸው ቤት ነው። በኋላ ዘመን ለእናቶች ያደረባቸው ርኅራኄ ከዚህ ጀመረ ብንል ከእውነት የራቅን አይመስለንም። ትምህርታቸውን በደናግል ዘንድ ከተከታተሉ በኋላ ወደ ፈረንሳይ ተሻግረው በሊዮን ከተማ ጀርመንኛ አስተማሩ።

በዚያ የወጣትነት ዘመን ነበር ስለ ዶክተር አግነስ ማክላረን የሰሙት። እኚህ ስኮትላንዳዊት ሐኪም በስተርጅና ወደ ካቶሊክ እምነት የገቡ፣ ሰባ ዓመት ካለፋቸው በኋላም ወደ ሕንድ ተጉዘው፣ ዛሬ በፓኪስታን በምትገኘው በራዋልፒንዲ ከተማ ለሴቶችና ለሕፃናት ሆስፒታል ያቋቋሙ ናቸው። በዚያ አካባቢ ብዙ ሙስሊም ሴቶች በአገሩ ልማድ ከባዕድ ወንድ ዐይን ተሰውረው፣ ከመጋረጃ በስተጀርባ ይኖሩ ነበር። ወንድ ሐኪም ሊመረምራቸው አይችልም። ስለዚህ ሐኪም በከተማው እያለ፣ ምጥ የጠናባት ሴት ረዳት አጥታ ትሞታለች። መፍትሔው ሴት ሐኪም ነበር። ለድሆች ራሳቸውን የሰጡ ደናግል ደግሞ አልጠፉም፤ ነገር ግን የዘመኑ የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት መነኮሳይያት በሙሉ ሥልጣን ሐኪም ሆነው እንዲሠሩ፣ ይልቁንም ሴቶችን እንዲያዋልዱ አይፈቅድም ነበር። ዶክተር ማክላረን ፈቃድ እንዲሰጥ ሮምን ደጋግመው ለመኑ፤ መልሱን ሳያዩ በ1913 ዐረፉ። አናና እርሳቸው በአካል ተገናኝተው አያውቁም፤ ይጻጻፉ ነበር እንጂ። ወጣቷ ወደ አየርላንድ ሄደው ሕክምና እንዲማሩ የመከሩአቸውም እኚሁ እናት ናቸው።

አና ምክሩን ተቀብለው በኮርክ ዩኒቨርሲቲ ገቡ። ወዲያው የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ተነሣና፣ ኦስትሪያዊት በመሆናቸው እንደ ጠላት አገር ዜጋ ተቈጠሩ። እንዲህም ሆኖ ትምህርታቸውን አላቋረጡም። በ1919 ተመረቁ፤ በእንግሊዝ አገር ለጥቂት ወራት ከሠሩ በኋላም በ1920 ራዋልፒንዲ ገቡ።

ውድ አንባብያን፤ የወላድ ሕክምና ምን እንደሚጠይቅ ጥቂት ብንገልጽ የእኚህን ሴት ድካም ለመረዳት ይጠቅመናል። ነፍሰ ጡሯ ገና ምጥ ሳይመጣ መታየት አለባት፤ እግሯና ፊቷ ማበጡ፣ የደም ግፊቷ መጨመሩ፣ ፅንሱ በግድም መተኛቱ አስቀድሞ የሚታወቅ ነገር ነው። ከወለደችም በኋላ አደጋው አያልፍም። ደም የሚፈሳት እናት በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ልትሞት ትችላለች፤ ትኩሳቱ ግን ከቀናት በኋላ ይመጣል። አራሱ ሕፃን እንዳይበርደው ከእናቱ ገላ ጋር መሆን፣ እትብቱ በንጹሕ መሣሪያ መቈረጥ፣ እንገሩንም ሳይጣል መጥባት ይገባዋል። ይህ ሁሉ የአንድ ሐኪም ብቻ ሥራ አይደለም፤ ሌሊቱን ከአልጋዋ አጠገብ የምትቈይ የሠለጠነች አስታማሚ ይፈልጋል። ዶክተር አና በራዋልፒንዲ አራት ዓመት ሲሠሩ የተገነዘቡት ይህንኑ ነው፤ አንዲት ሴት የቱንም ያህል ብትተጋ ብቻዋን አትበቃም፤ የሚተካኩ የሠለጠኑ ሐኪሞችና ነርሶች ማኅበር ያስፈልጋል። ሰውነታቸው በድካም ዝሎ፣ ልባቸውም አዝኖ ወደ አውሮጳ ተመለሱ።

በኢንስብሩክ ከተማ በሱባኤ ላይ ሳሉ ያማከሩአቸው ካህን አዲስ ማኅበር እንዲመሠርቱ አደፋፈሩአቸው። በ1924 ወደ አሜሪካ ተጓዙ፤ በዚያም የቅዱስ መስቀል ማኅበር ካህን የሆኑት አባ ማይክል ማቲስ ረዱአቸው። ሴፕቴምበር 30 ቀን 1925 በዋሽንግተን ከተማ አራት ሴቶች፣ ሁለቱ ሐኪሞች ሁለቱ ነርሶች፣ የሕክምና ሚሲዮን እኅቶችን ማኅበር መሠረቱ።

ሕጉ ግን አሁንም እንደ ነበረ ነው። መሐላ ቢፈጽሙ ሕክምናውን መተው ይኖርባቸዋል፤ ሕክምናውን ቢይዙ መሐላው ይቀርባቸዋል። ስለዚህ በይፋ መሐላ ሳይገቡ በማኅበር እየኖሩ፣ እየጸለዩና እየታዘዙ ሥራቸውን ቀጠሉ። እንደ እኛ አስተያየት የእናት አና ታላቅነት ከሁሉ ይልቅ በዚህ ይታያል። ሕጉ በክፋት የወጣ አልነበረም፤ የምንኵስናን ንጽሕና ለመጠበቅ የታሰበ ነው። ዋጋውን የከፈሉት ግን ሕጉን ያወጡት ሳይሆኑ በሩቅ አገር ያሉ ወላዶች ነበሩ። እርሳቸው ይህን በግልጽ ተናገሩ፤ ለጳጳሳት አመለከቱ፤ ሕጉን አልጣሱም፤ ዝምም አላሉም። እንዲህ ዐሥር ዓመት አለፈ።

ፌብሩዋሪ 11 ቀን 1936፣ በእመቤታችን ዘሉርድ በዓል፣ በርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 11ኛ ዘመን፣ ሚሲዮኖችን የሚመራው የሮም ጉባኤ መመሪያ አወጣ። መመሪያው መነኮሳይያት በሚሲዮን አገሮች የእናቶችንና የሕፃናትን ጤና እንዲጠብቁ፣ ለዚህም በሐኪምነትና በነርስነት ተምረው እንዲመረቁ የሚያበረታታ ነበር። ያን ጊዜ እኅቶቹ ሕጋዊ መሐላቸውን ለመፈጸም ቻሉ።

ማኅበሩም በብዙ አገሮች ተስፋፋ። ቅድስት እናት ቴሬዛ በ1948 ከሎሬቶ ገዳም ወጥተው በካልካታ ድሆች መካከል ሥራቸውን ከመጀመራቸው በፊት፣ ሕሙማንን የማስታመምን ሙያ የተማሩት በሕንድ በፓትና ከተማ በእነዚሁ እኅቶች ሆስፒታል እንደ ነበር ማስታወስ ያስደስተናል። እናት አና ማኅበሩን እስከ 1967 መርተው ኀላፊነቱን ለሌላ አስረከቡ። ኤፕሪል 17 ቀን 1980 በሮም ዐረፉ፤ በቫቲካን በሚገኘው የጀርመኖች መካነ መቃብርም ተቀበሩ።

የሥራቸው ፍሬ ወደ አገራችንም ደርሷል። በጉራጌ ምድር፣ በወልቂጤ አካባቢ፣ በእመቤታችን ዘሉርድ ስም የተሰየመው የአጣጥ ሆስፒታል በ1969 የተመሠረተው በእነዚህ እኅቶች ነው። በግቢው ውስጥ የነፍሰ ጡሮች ማቆያ ቤት አለ። ቀድሞ በቀዶ ሕክምና የወለደች፣ መንታ የያዘች ወይም ሌላ ስጋት ያለባት ሴት ምጥ ሳይጀምራት መጥታ ትቀመጣለች፤ በሩቅ መንደር ሳለች ምጥ ቢይዛት በቃሬዛ ተሸክሞ ለማድረስ ጊዜ አይበቃምና። ከ1987 እስከ 2008 በነበሩት 22 ዓመታት በሆስፒታሉ ከወለዱት 24,148 እናቶች መካከል 6,805ቱ በማቆያው የቈዩ ነበሩ። ከእነዚህ መካከል የሞቱት በ100,000 ሕያው ወሊድ ሲሰላ 90 ገደማ ሲሆኑ፣ በቀጥታ ከቤታቸው ከመጡት ግን 1,333 ናቸው። ሞተው የተወለዱ ሕፃናትም በማቆያው ከቈዩት ከ1,000 ወሊድ 18 ያህል፣ ከሌሎቹ 191 ነበሩ። በርግጥ በቀጥታ ከመጡት ብዙዎቹ ምጡ ከከበደ በኋላ የደረሱ በመሆናቸው ሁለቱ ወገኖች በእኩል የሚመዘኑ አይደሉም። ቢሆንም ማቆያው የተሠራው ይህንኑ መዘግየት ለማስቀረት ነው፤ በዚያ ያለች ሴት ምጥ በጀመራት ጊዜ አዋላጇ ዘንድ ለመድረስ ግቢውን መሻገር ብቻ ይበቃታል።