አባ መላ፦ ከምርኮ እስከ ባለግዛትነት

ደሴ ውስጥ ሰገሌ ሲነሳ ዝም የሚል ቤት ብዙ ነው። አያቴም ቡና አፍልታ ስለዚያ ጦርነት ታወራ ነበር፤ ያሸነፈውን ሰው ስም ግን አትጠራም። እኔ ስሙን የሰማሁት ትምህርት ቤት ገብቼ ነው፤ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ። ታሪካቸውን ሳነብ ግን ከጠበቅሁት የተለየ ሰው አገኘሁ።

የተወለዱት ጨቦ ነው። የምኒልክ ጦር አገሩን ሲያስገብር ገና ልጅ ሳሉ ተማረኩ፤ ከቤተሰባቸው ተነጥለውም ወደ ንጉሡ ግቢ ተወሰዱ። የዚያን ዘመን ምርኮኛ ልጅ ዕጣው ሎሌነት ወይም ባርነት ነበር። እሳቸው ግን ነገር ሲጠብቅ መፍቻውን የሚያገኙ ሆኑና አባ መላ ተባሉ። ፊደል ሳይቆጥሩ በፍርድ አዋቂነታቸው የታወቁ ነበሩ። ፊታውራሪ ገበየሁ በ1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ ከወደቁ በኋላ ማዕረጉ ለእሳቸው ተሰጠ፤ በ1900 ዓ.ም. ምኒልክ ሚኒስትሮች ሲሾሙም የጦር ሚኒስትር ሆኑ።

ሳነብ የቆምኩት ግዛታቸው ላይ ስደርስ ነው። ቦረናን ያስገበረውን ጦር የመሩት እሳቸው ናቸው። በዚያን ጊዜ ለወታደር ደመወዝ የሚሆን ገንዘብ ስላልነበረ በደቡቡ አገር በደመወዝ ፈንታ ገባር ይሰጠው ነበር። ገባሩ እህሉን ይሰፍራል፣ ያርሳል፣ አጥር ያጥራል። የገባሩ ሚስት ደግሞ የመልከኛውን እህል ትፈጫለች። መጽሐፍ ይህችን ሴት በአንድ መስመር ያልፋታል፤ ወፍጮ የምናውቅ ግን እንዲህ በቀላሉ አናልፋትም። በጦር ተማርኮ ያደገ ልጅ ሌላውን አስገብሮ ባለብዙ መሬት ሲሆን የራሱን ልጅነት ያስታውስ ይሆን?

ከዚያ ሰገሌ መጣ። ልጅ ኢያሱ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን ሲወርዱ አባታቸው ንጉሥ ሚካኤል የወሎን ጦር ይዘው ወደ ሸዋ ዘመቱ። ቶራ መስክ ላይ ቀንቷቸው ነበር። ጥቅምት 17 ቀን ግን ሰገሌ ላይ ፊታውራሪ የሚመሩት የሸዋ ጦር ድል አደረጋቸው፤ ንጉሡም ተማረኩ። የታሰሩት በጨቦ፣ ሐይቅ መካከል ባለች ደሴት ነው። አይጠየፍ አዳራሽን ያሠሩት ንጉሥ፣ ተማርኮ ከጨቦ በወጣው ልጅ ዘመን ጨቦ ታሰሩ። በኋላ ሆለታ ተዛውረው እዚያው አረፉ።

ፊታውራሪ በ1919 ዓ.ም. ሲሞቱ ጦራቸውም አብዛኛው ግዛታቸውም በአልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ እጅ ገባ።

አንድ ጊዜ ከአንዲት የኮምቦልቻ ጓደኛዬ ጋር አዲስ አበባ ሄደን ታክሲው በሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አለፈ። የማን ስም እንደሆነ ነገርኳት። የእሷም ቅድመ አያት ከሰገሌ አልተመለሱም፤ እስክንወርድ ድረስ በመስኮቱ ወደ ኋላ ታይ ነበር።