ጆሴፍ ሊስተር፤ ከካርላይል የፍሳሽ ቆሻሻ እስከ ሕሙማን አልጋ

በእንግሊዝና በስኮትላንድ ወሰን አጠገብ በምትገኘው በካርላይል ከተማ የፍሳሽ ቆሻሻ ሽታ ነዋሪውን ባስመረረ ጊዜ፣ ከድንጋይ ከሰል ቅጥራን የሚወጣው ካርቦሊክ አሲድ በቆሻሻው ላይ እንዲደረግ ተወሰነ። ሽታው ጠፋ። ከዚህም በቀር ፍሳሹ በሚጠጣው መስክ ላይ የሚግጡትን ከብቶች ያሠቃይ የነበረው የሆድ ትል መጥፋቱ ተነገረ። ጉዳዩ የከተማ ጽዳት ጉዳይ ስለ ነበረ ከሐኪሞች ወገን ልብ ያለው እምብዛም አልነበረም። ወሬውን አንብቦ ስለ ሰው ቁስል ያሰበው በግላስጎው ዩኒቨርሲቲ የቀዶ ሕክምና ፕሮፌሰር የነበረው ጆሴፍ ሊስተር ነው።

ሊስተር (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ሚያዝያ 5 ቀን 1827 በለንደን አጠገብ በኧፕተን ከኩዌከር ቤተሰብ ተወለደ። አባቱ የወይን ጠጅ ነጋዴ ሲሆን በትርፍ ጊዜው የማይክሮስኮፕ መስተዋት እያሻሻለ በሊቃውንት ዘንድ ስም ያተረፈ ሰው ነበር። ስለዚህ ልጁ በዓይን የማይታየውን ነገር መመልከት የለመደው ገና በቤት ሳለ ነው። በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሕክምና ከተማረ በኋላ በ1853 ወደ ኤዲንብራ ሄዶ በታወቀው ቀዳጅ በጄምስ ሳይም ሥር ሠራ፤ በ1856ም ልጁን አግነስን አገባ።

በዚያ ዘመን የቀዶ ሕክምና ነገር እንግዳ ነበር። ከ1846 ጀምሮ ኤተርና ክሎሮፎርም ሥቃዩን ስላስቀሩት ቀዳጆች ቀድሞ የማይደፍሩትን ሁሉ መድፈር ያዙ። ሆኖም በሽተኛው ከጠረጴዛው በሕይወት ቢወርድም በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ቁስሉ ይመረቅዛል፣ ትኩሳቱ ይነሣል፣ ብዙ ጊዜም ይሞታል። ቀዳጁ በደምና በመግል የደረቀ ካፖርቱን ለብሶ ከአንዱ ወደ ሌላው ይሄድ ነበር፤ የካፖርቱ መቆሸሽም የልምድ ምልክት ተደርጎ ይቈጠር ነበር። ሊስተር በ1861 የተረከባቸው የግላስጎው ሮያል ሆስፒታል ክፍሎች አዲስ ቢሆኑም ከግድግዳቸው አጠገብ በ1849 በኮሌራ ያለቁት ሰዎች የተቀበሩበት ቦታ ነበር። ሐኪሞቹ የሚበዙት የሞቱን ምክንያት ለክፉ አየር ይሰጡ ነበር።

ሊስተርን ያሳሰበው አንድ ቀላል ልዩነት ነው። አጥንት ተሰብሮ ቆዳ ካልተቀደደ ሰውየው በሰላም ይድናል፤ ቆዳው ከተቀደደ ግን ያው ስብራት ይበሰብሳል። አየር ብቻውን የሚያበሰብስ ከሆነ እንዴት እንደሚገባ፣ ምን ይዞ እንደሚገባ መጠየቅ ነበረበት። መልሱን ያገኘው በ1865 የኬሚስትሪው ፕሮፌሰር ቶማስ አንደርሰን ስለ ሉዊ ፓስተር ምርምር በነገረው ጊዜ ነው። ፓስተር መበስበስ የረቂቅ ተሐዋስያን ሥራ መሆኑንና እነሱን በሙቀት፣ በማጥለል ወይም በኬሚካል ማስወገድ እንደሚቻል አስረድቶ ነበር። የሰውን እግር መቀቀልም ማጥለልም ስለማይቻል የቀረው ሦስተኛው መንገድ ነበር። ካርላይል የታወሰችው እዚህ ላይ ነው።

የመጀመሪያው ሙከራ አልተሳካም። ነሐሴ 12 ቀን 1865 ግን ጄምስ ግሪንሊዝ የተባለ የ11 ዓመት ልጅ የጋሪ መንኰራኵር ሄዶበት ቅልጥሙ ተሰብሮ፣ ቆዳውም ተቀድዶ መጣ። ሊስተር ቁስሉን በካርቦሊክ አሲድ በተነከረ ጨርቅ ሸፍኖ እግሩን በመቃ አሰረና አራት ቀን ሳይነካው ቆየ። ሲፈታው መግል አልነበረም፤ ከስድስት ሳምንት በኋላም አጥንቱ ገጠመ። ውጤቱን በ1867 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት በተከታታይ አወጣ። በ1870 ደግሞ ስለ እጅና እግር መቁረጥ ቍጥር አቀረበ፤ ከአዲሱ ዘዴ በፊት ከ35 ሰዎች 16ቱ ሲሞቱ፣ ከዘዴው በኋላ ከ40 የሞቱት 6 ናቸው።

ቍጥሩ አስደናቂ ቢሆንም እንከን አልነበረበትም ማለት አይቻልም። የተመዘኑት ሕሙማን ጥቂቶች ናቸው፤ ሁለቱ ወገኖችም በአንድ ጊዜ ጐን ለጐን የታከሙ አይደሉም። ስለዚህ ጠላቶቹ ሁሉ ሞኞች አልነበሩም። የክሎሮፎርሙ አባት ጄምስ ሲምሰን ፈረንሳዊው ሌሜር በካርቦሊክ አሲድ ቀድሞ መጠቀሙን አንሥቶ ሲከራከር፣ ሌሎች ደግሞ ሊስተር ዘዴውን በየጊዜው ስለሚለዋውጥ የትኛውን እንደሚከተሉ ግራ ተጋቡ። መለዋወጡ ግን ከሥራው ጠባይ የመጣ ነበር፤ አሲዱ ሥጋ ያቃጥላልና መጠኑን ያቀጥነዋል፣ እንደገና ይሞክራል።

ከለውጦቹ አንዱ ክር ነው። ቀዳጆች የደም ሥር ያሠሩበትን ክር ጫፍ ከቁስሉ ውጭ አንጠልጥለው ይተዉት ነበር፤ ክሩ በስብሶ እስኪወጣ ድረስ በሽተኛው ሳምንታት ይተኛል። ሊስተር ከበግ አንጀት የተሠራ ክር በአሲድ ነክሮ በጥጃ የደም ሥር ላይ ሞከረ። ከአንድ ወር በኋላ ሲመለከተው ሰውነት ክሩን በራሱ ሥጋ ተክቶታል። ከዚያ ወዲህ ክሩን ቈርጦ ቁስሉን መዝጋት ተቻለ። ስለ ሕሙማን ቶሎ ማገገም ሲነገር ይህ ትንሽ ነገር የሚገባውን ያህል አለመነሣቱ ያሳዝናል።

በ1871 የንግሥት ቪክቶሪያን የብብት እባጭ በባልሞራል ከፈተ። በ1877 ወደ ለንደን ኪንግስ ኮሌጅ ሲዛወር አቀባበሉ ቀዝቃዛ ነበር። በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር የአንድ ሰው የተሰበረ የጉልበት ሎሚ በብር ሽቦ ሊያያይዝ፣ ያልተቀደደውን ቆዳ ሆነ ብሎ ከፍቶ መገጣጠሚያው ድረስ ገባ። ይህ በዘመኑ አስተያየት ነፍስ እንደ ማጥፋት የሚቈጠር ድፍረት ነበር። ሰውየው ዳነ፤ የለንደን ሐኪሞችም ቀስ በቀስ ተመለሱ።

የሊስተር ትልቁ ስሕተት የአየር መርጫው ነበር። ተሐዋስያን በዋናነት ከአየር የሚመጡ መስሎት፣ በቀዶ ሕክምና ጊዜ ካርቦሊክ አሲድ በጭጋግ መልክ የሚረጭ መሣሪያ ሠርቶ፣ በኋላም በእንፋሎት እንዲሠራ አድርጎ ለዓመታት ተጠቀመበት። ጭጋጉ የሐኪሙንም የበሽተኛውንም ሳንባ ይጎዳ ነበር። ዋናው አደጋ በእጅ፣ በመሣሪያና በጨርቅ በኩል መሆኑ ሲታወቅ ግን ሊስተር በ1890 በበርሊን በተደረገው ዓለም አቀፍ የሕክምና ጉባኤ ላይ፣ መርጫውን መተዉንና በእሱ በመጠቀሙም ማፈሩን በይፋ ተናገረ። ስሙ ከዚያ መሣሪያ ጋር ተያይዞ ለታወቀ የ63 ዓመት ሰው ይህ ቀላል አልነበረም። በጀርመን እነ በርግማንና ሺመልቡሽ መሣሪያንና ጨርቅን በእንፋሎት ማንጻት ጀምረው ስለ ነበር ሥራው በዚያው መንገድ ቀጠለ።

አግነስ የባልዋን የምርምር መዝገብ ለዓመታት በእጇ ስትጽፍ ኖራ በ1893 በኢጣሊያ ራፓሎ ሞተች። ከዚያ በኋላ ሊስተር ከሥራ ራቀ፤ ይሁንና ከ1895 እስከ 1900 የሮያል ሶሳይቲ ፕሬዚዳንት ሆነ፣ በ1897ም የሎርድነት ማዕረግ ተቀበለ። በ1902 ኤድዋርድ ሰባተኛ ሊነግሥ ቀናት ሲቀሩት የትርፍ አንጀት እባጭ ታምሞ በሰኔ 24 ቀዶ ሕክምና ሲደረግለት፣ ሊስተር ምክር ከተጠየቁት አንዱ ነበር። ንጉሡ ድኖ በነሐሴ 9 ዘውድ ጫነ።

ሊስተር የካቲት 10 ቀን 1912 በዎልመር ዐረፈ። የታላላቆች መቃብር በሆነው በዌስትሚኒስተር አቢ እንዲቀበር ቢታሰብም፣ በኑዛዜው መሠረት በለንደን ሃምፕስቴድ መካነ መቃብር ከአግነስ አጠገብ ተቀበረ።